«ይችላል» ያልኩት እጅ

ሰው በአንዲት ቃል ልጅ ለስቃይ ይዳርጋል ብትሉኝ ያኔ በሳቅ እፈነዳ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አፌ ፈጣን፣ አረማመዴ ፈጣን፣ ንዴቴ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ፈጣን። የአካል ማገገሚያ ሙያ ተምሬ አቃቂ አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ስለምትባል እኔም ነርስ ሳልሆን ሲስተር ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ «ኧረ ነርስ አይደለሁም» እያልኩ አርም ነበር። በኋላ ደከመኝ፣ እውነቱን ልናገርና ደስም አለኝ።

ጊዜው ባቡሩ ገና በአቃቂ እያለፈ ድሬዳዋ የሚመላለስበት ነው። ዛሬ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ክሊኒካችን ለሀዲዱ በጣም ስለሚቀርብ ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንቀጫቀጫሉ፤ ልጆቹም የያዙትን ትተው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። እስኪያልፍ ጠብቀን ሥራችንን እንቀጥላለን።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ሲወለዱ ወይም ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ አንጎላቸው ተጎድቶ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ልጆች እጅ መመርመር ነው። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ሰፈር ውስጥ ብዙ ስም አለው፣ አንዱም ለጆሮ አይጥምም። ምርመራ ሲባል ወላጅ ሁሉ መርፌ ነው የሚመስለው፤ የእኔ ምርመራ ግን ጨዋታ ነው። አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ አሥራ ሁለት ቆርኪ፣ ክር የሚገባባቸው ትልልቅ ዶቃዎች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ፣ አንድ ቁልፎቹ ያልረገፉ አሮጌ ሸሚዝ። ልጁ ከረሜላውን እንዴት ይፈታዋል? አንዱ እጅ ሲሠራ ሌላው ይይዝለታል ወይስ ታጥፎ ያያል? አውራ ጣቱ ከመዳፉ ይወጣል? ቆርኪውን ያነሳል? ካነሳስ በኋላ መልቀቅ ይችላል? መልቀቅ ከመያዝ እንደሚከብድ ያወቅሁት ከእነዚህ ልጆች ነው።

ያየሁትን ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ካርዱ ሁለት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው «እጁ ምን ይችላል?» ይላል። ሁለተኛው «በዕለት ኑሮው ምን ይሠራበታል?» ይላል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ልጁ ሲለመን፣ ሲጨበጨብለት፣ ደህናው እጁ ሲያዝበት በደካማው እጅ ቆርኪ ያነሳ ይሆናል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ያ እጅ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል። አንዲት ቆርኪ ለማንሳት የሚያወጣው ጉልበት እኔና እናንተ ጆንያ ስንዴ ተሸክመን ደረጃ ከምንወጣበት ይበልጣል። መምህሬ ይህን ደጋግማ ነግራኝ ነበር። እኔ ፈተናውን አለፍኩበትና ረሳሁት።

ጽጌ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ከአባቷና ከእናቷ ጋር። ሰባት ዓመቷ ነበር። የተጎዳው ቀኝ ጎኗ ነው። ቀኝ እጇ ከክርኑ ታጥፎ፣ አንጓው ወደ ታች ወድቆ፣ አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች ተሸፍኖ ይውላል። ግራ እጇ ግን ለጉድ ነው! ከረሜላውን በግራ እጇና በጥርሷ ፈታ፣ አፏ ከታ፣ ወረቀቱን መልሳ አስጨበጠችኝ።

«ሌላ የለሽም?» አለችኝ። እዚያው ወደድኳት።

አባቷ ካቦ ደምሴ ይባላል፣ የሀዲድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በእሱ ፉጨት ብረት ያነሳሉ፣ በእሱ ፉጨት ያስቀምጣሉ። ያኔ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ አንቱታው አልመጣልሽ አለኝ፣ አትፍረዱብኝ። ካቦ ደምሴ አቃቂ ውስጥ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ልግመኛ አይወድም። አቅም እያለው ብረት ሲነሳ ትከሻውን የሚያሸሽ ሠራተኛ ካየ በያዘው እንጨት ጀርባውን ይለዋል። የታመመውን ግን ራሱ ደግፎ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። ለእሱ ዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የማይችል፣ ሌላው የሚለግም። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የጽጌን ግራ እጅ ካልሲ አጠለቅኩበትና በእጄ ያዝኩት። «ይቺ እጅሽ ዛሬ ዕረፍት ላይ ናት። ያቺኛዋ ትሥራ» አልኳት። ሳቀች። ቆርኪዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኩና ጣሳውን አስጠጋሁላት። ቀኝ እጇ ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከቆርኪው አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ። ምላሷን አውጥታ ነክሳዋለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አውራ ጣቷ ከተቀበረበት ቀስ እያለ ወጣ። ቆርኪው ጣሳው ውስጥ ቀጭ ሲል እናቷ እትዬ ዘነበች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሦስት ቆርኪ ከተተች። ሦስት!

«አባዬ! አየኸኝ?» አለች።

ካቦ ደምሴ ከወንበሩ ተነስቷል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ይችላል ማለት ነው?» አለኝ።

«ይችላል!» አልኩት፣ የራሴ ልጅ የሆነች ያህል እየፈነደቅሁ። «ካቦ፣ የልጅዎ እጅ ይችላል! ዝም ብላ ነው የማትጠቀምበት።»

«ዝም ብላ?»

«ለምዳ ነዋ! ደህናው እጅ ካለላት ምን አደከማት? ቤት ስትገቡ በቀን ግማሽ ሰዓት ግራ እጇን እንደዚህ ካልሲ አጥልቃችሁ አጫውቷት። ለውጡን ያያሉ።»

ሰውየው ልጁን ለረጅም ጊዜ አያት። «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ የማጎርሳት» አለ ቀስ ብሎ። «ፀበል በጀርባዬ አዝዬ ተመላልሻለሁ። ፈጣሪዬን ምን በደልኩህ ብዬ ለምኛለሁ።» ከዚያ ወደ ጽጌ ጎንበስ ብሎ «እንዲህ ነሽና?» አላት። እሷም ሳቀችለት።

ደስታ መሰለኝ። ካርዱ ላይ «ይችላል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሁለተኛውን ጥያቄ ባዶ ተውኩት፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ዘነበች የክሊኒኩን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ነጠላዋ ወልቆ መሬት ይጠርጋል። ጉንጯ ላይ የጣት ሰንበር አለ።

«ሲስተር፣ እጇ ጠቆረ!»

«የቱ እጇ? ቀኙ?»

«ደህናው! ኧረ ደህናው እጇ!»

ጋውኔን እንደለበስኩ ተከትያት ሮጥኩ። በሀዲዱ ዳር እየሮጥን፣ ትንፋሽ እየቆረጣት ነገረችኝ። መጀመሪያ ሁለት ቀን እንደተባለው ግማሽ ሰዓት፣ በካልሲ፣ በጨዋታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ካቦው «በግማሽ ሰዓት ሦስት ካነሳች ቀኑን ሙሉ ብትሠራ በወሩ ትድናለች» አለ። ጽጌ ቆርኪ ሰለቸኝ ስትል የሀዲድ ብሎን በጣሳ አመጣላት። ጠዋት አስቆጥሯት ይሄዳል፣ ማታ መጥቶ ይቆጥራል። አንድ ቀን ሰባት አነሳች፤ በነጋታው እጇ ዝሎ አራት ብቻ ሆነላት። ትናንት ሰባት ያነሳ ዛሬ አራት ካነሳ በካቦ ደምሴ ቤት ስሙ የታወቀ ነው።

«ልግም ነው አለ» አለችኝ። «ሠራተኞቹን በሚመታበት እንጨት መታት፣ ሲስተር። ያችን የምታክል ልጅ።»

ትናንት ደግሞ ጽጌ ካልሲውን በጥርሷ አውልቃ በግራ እጇ ምሳዋን ስትበላ ደረሰባት። ግራ እጇን ወደ ኋላ አዙሮ በሲባጎ ከወገቧ ጋር ጠፈራት። ማታ ልጅቷ ላይዋ ላይ ሸናች። እናቷ ካጠበቻት በኋላ ገመዱ ረጥቦ ጠበቀ፤ ልትፈታው ብትነካው በጥፊ አጮላት። ሲነጋ ጣቶቿ አብጠዋል። ካቦውም የዕረፍት ቀኑ ነበርና ቤት ቀረ።

የባቡር ሠራተኞቹ መኖሪያ ጎን ለጎን የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። የካቦው ቤት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ብሎን ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ «ቀጥዪ!»፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ እንጨት ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚያንኳኳ ሰው ካለ ትዕግሥቱን እግዜር ይባርክለት። እኔ በሩን በእግሬ መታሁት። በሦስተኛው ምት መቀርቀሪያው ተነቀለ።

ጽጌ መሬት ላይ ተንበርክካለች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ከፊቷ ጣሳ፣ ዙሪያዋን ብሎን። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንጨቱን ጭኑ ላይ አጋድሟል። እኔን ሲያይ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ፊቱ በራ።

«ደግ አመጣሽ! ነይ ንገሪያት» አለኝ። «ይችላል አላልሽኝም? ነይ ንገሪያት፣ በእኔ እንዳትቀልድ!»

በጽጌ ጀርባ ተንበረከክሁ። ሲባጎው ከእጇ አንጓ ላይ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ከሱ በታች ያለው እጅ የልጅ እጅ አይመስልም፤ ጣቶቹ ተወጣጥረው ተለያይተዋል፣ ቀለማቸው ጥቁር ሊሆን የቀረበ ሰማያዊ ነው። ነካሁት። በረዶ ነው። በጥፍሬ ጫንኳት፣ አልተሰማትም። ከኪሴ የፋሻ መቀሴን አወጣሁ።

«ተዪ!» አለ።

«እጇ እየሞተ ነው! አይታይዎትም?»

«ተዪ አልኩሽ! ስትለግም ነው እንጂ!»

ጋውኔን ከኋላ ጨምድዶ አነሳኝና ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ። አፌ ደም ሞላ፤ አንድ የፊት ጥርሴ እዚያ ቀረ፣ የዛሬው ሰው ሠራሽ ነው። ተመልሼ ወደ ልጅቷ ስሳብ አንገቴን ያዘኝ። በመቀሱ ክንዱን ወጋሁት። አንዴ አይደለም፤ ሁለቴ። ለቀቀኝና እንጨቱን አነሳ። የእንጨቱን ወደ ላይ መውጣት አየሁ፤ መውረዱን ግን አላየሁም፣ ምክንያቱም እትዬ ዘነበች በብሎን የተሞላውን ጣሳ በሁለት እጇ አንስታ የባሏን ፊት መታችው። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደገመችው። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስትኖር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት «እጇን! እጇን! እጇን!» እያለች ስትመታው በጉልበቱ ወደቀ።

እኔ በዚህ መሃል ሲባጎውን እቆርጣለሁ። ሦስት ዙር ነበር። የመጨረሻው ሲበጠስ የጽጌ ክንድ ተንጠልጥሎ ወደቀ። ከዚያ ያየሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባቷ አጠገቧ ደም ውስጥ ተንበርክኮ እያለ፣ እናቷ እየጮኸች እያለ፣ ጽጌ በቀኝ እጇ መሬት ላይ ያለ አንድ ብሎን ለማንሳት ትታገል ነበር።

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። «አትምቱኝ፣ አንድ ነው የቀረኝ።»

አቅፌ ይዣት ወጣሁ።

ጩኸቱ ሰው ሰብስቧል። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤቱ ጋሽ ቶላ ናቸው፤ ሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ። ከኋላቸው በቅርብ ሀዲድ ሲጠግኑ የነበሩት የካቦው የራሱ ሠራተኞች መጡ፣ ዶማና አካፋቸውን እንደያዙ። የጽጌን ፊትና እጅ አዩ። ካቦው ደሙን እየጠረገ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምን አድርጋህ ነው?» አለው አንደኛው። አንቱ ሲለው የኖረ ሰው ነው፤ በዚያች ቅጽበት አንተ አለው።

ካቦው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እሷ ናት! ይችላል ብላኛለች! ጠይቋት! ዝም ብላ ነው የማትጠቀምበት ብላኛለች! ለመዳኗ ብዬ ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ደሜን ዋጥኩ።

«እኔ እንደዚህ አላልኩም» አልኩ።

ሦስት ቃል ናት። እትዬ ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

ሠራተኞቹ ካቦውን ከበቡት። የመጀመሪያው ጥፊ ነበር። ሁለተኛው የዶማ እጀታ ነው። ከዚያ በኋላ መቁጠር አይቻልም። ሁሉም የየራሱን ጀርባ ያስታውሳል፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ነው ያራገፈበት። አንደኛው በያንዳንዱ ምት «ለግም! ለግም እንጂ!» ይለው ነበር። የጎድን አጥንት ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። መሬት ላይ ተጠቅልሎ ሳለ በእግራቸው ጭንቅላቱን ማለት ሲጀምሩ ጋሽ ቶላ ላዩ ላይ ተኙበት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ!

«ዲሳ! ተዉ እባካችሁ! ልትገድሉት ነው እንዴ? እኔን ምቱኝ!» ይላሉ። አንድ ሁለት ምት አርፎባቸዋል። ከዚያ ሰዎቹ አፈሩና ቆሙ።

እኔ ዝም ብዬ አይ ነበር። «ብየዋለሁ» ማለት ሦስቱን ቃል ከማለት አይረዝምም ነበር።

ወደ ሆስፒታል የሚወስደው አስፋልት ከሀዲዱ ማዶ ነው። ልጅቷን ታቅፌ፣ እትዬ ዘነበች እያለቀሰች፣ ማቋረጫው ላይ ስንደርስ የዕቃ ባቡር መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ግራ ብናይ ፉርጎ፣ ቀኝ ብናይ ፉርጎ፣ ጫፉ አይታይም። ዞረን እንሂድ ብንል ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ባቡሩ የቆመው ለአንድ ደቂቃ ይሁን ለአንድ ሰዓት የሚያውቅ የለም። የጽጌን ጣቶች ነካሁ፤ አሁንም በረዶ ናቸው።

«በሥር እንለፍ» አለች እትዬ ዘነበች።

«ቢነሳስ?»

«ልጄን ስጪኝ!»

ልጇን ነጥቃኝ ሁለቱ ፉርጎዎች በሚያያዙበት ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። ተከተልኳት። ጉልበቴን ሀዲዱ ላይ ሳሳርፍ ከወዲያኛው ጫፍ ግጭቱ ሲመጣ ሰማሁ፤ ፉርጎ ፉርጎን እየገፋ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ይቀርባል። እትዬ ዘነበች ልጇን ወደ ማዶ ወረወረቻት። በእውነት ወረወረቻት፣ ጠጠሩ ላይ። ከዚያ ራሷን ወረወረች። እኔን ጫማዬ ላይ የሆነ ነገር ያዘኝ፤ ጫማዬን ትቼ ወጣሁ። ዞር ስል መንኮራኩሩ ያለፈው ጉልበቴ በነበረበት ላይ ነው።

መንገድ ላይ ውይይት ታክሲ አስቆምን። ሾፌሩ እጇን አይቶ ተሳፋሪውን ሁሉ አስወረደ፤ ከዚያ ጡሩንባውን ሳይለቅ በሳሪስ በኩል አበረረው። ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለንና ልጅቷን ይዟት ገባ። እኛ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላውቅም። ሲወጣ እጇ መትረፉን፣ ሁለት ጣቷ ግን፣ ትንሿና የቀለበት ጣቷ፣ መቆረጣቸውን ነገረን። «ትንሽ ብትዘገዩ መዳፏንም ነበር» አለ።

እትዬ ዘነበች አላለቀሰችም። ሐኪሙ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ሳታየኝ ተናገረች።

«ብለሽዋል።»

«እኔም ሰምቼሻለሁ። ደስ ብሎኝ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። በቃልሽ ብቻ መታት ብዬ አልዋሽም፤ እሱ ቀድሞም የሚመታ ሰው ነው። ግን ብለሽዋል፤ ሰው ፊት ደግሞ አላልኩም አልሽ። ሊገድሉት ነበር።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ አፌ ፈጣን ነው ብያችሁ ነበር፤ ያን ቀን ምንም አላገኘም። ግማሽ ሰዓት ነው ያልኩት ልል አሰብኩ። አጫውቷት ነው ያልኩት ልል አሰብኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም አሳፈሩኝ።

በነጋታው ካርዱን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያልኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሰው ፊት መካዴንም ተናገርኩ፣ በመቀስ መውጋቴንም። መርማሪው ጽፎ ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ይችላል ማለት ወንጀል አይደለም። መዋሸትሽም ያን ጊዜ ለእኔ አይደለም» አለኝ። ቅጣት ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ሲከለክለኝ ተናደድኩ። እዚያው የታሰረውን ካቦ ልየው አልኩት፣ ፈቀደልኝ።

ካቦ ደምሴ ደረቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። አንድ ጆሮው ተሰፍቷል። ሲተነፍስ ፊቱ ይኮማተራል። «ያሉት እውነት ነው፤ ብየዎታለሁ። ለፖሊሱም ተናግሬያለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ግማሽ ሰዓትም ብለሽኛል» አለ። «እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔ ሰው ሲችልና ሲለግም ነው የማውቀው። ለፍቶ ለፍቶ በቃኝ የሚል እጅ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ «እጇስ?» አለኝ።

ነገርኩት። የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቀስ ብሎ ዞረና ግንባሩን ከግድግዳው አጋጨ። ደገመው። ፖሊሶቹ ገብተው ሲይዙት ግድግዳው ላይ የደም አሻራ ቀርቷል። አዝኜለት ይሁን ደስ ብሎኝ ይሁን ዛሬም መለየት አልችልም። ተፈርዶበት ታሰረ፤ ሲፈታ ወደ እነሱ እንዳልተመለሰ ሰምቻለሁ።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደኔ ጋውን የለበሳችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ አንድ ጊዜ አድርጎ ያሳያችሁን ነገር ሁልጊዜ አድርግ አትበሉት። ያን አንድ ጊዜ ያደረገው ካለው ሁሉ አሟጥጦ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ «ይችላል» ብዬ ወላጅ ፊት ስናገር ቀጥዬ «ይደክመዋል» እላለሁ፤ ስንት ጊዜ፣ ከስንት ቆይታ በኋላ፣ ምን ያህል እንደለፋ እናገራለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልሞላ ልጅ ከክፍሌ አይወጣም፣ በር ላይ መቶ ሰው ቢጠብቅም። አዲስ ሠራተኞች ተንዛዛች ይሉኛል። ይበሉ።

አሁንም ግን ጀግና ሆኜ እንድታዩኝ አልፈልግም። በር ሰብሬ ስለገባሁ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከአራት ወር በኋላ ጽጌና እናቷ ሳሪስ፣ በእትዬ ዘነበች እህት ቤት ይኖሩ ነበር። የቀሩትን ጣቶች ሁኔታ የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበርና እትዬ ዘነበች ራሷ አስጠራችኝ። ይቅር አለችኝ ማለት አይደለም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ጽጌ ረዝማለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። ባዶ እጄን ነው የሄድኩት፤ ቆርኪም ጣሳም አልያዝኩም። መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩና በተቻለኝ ለስላሳ ድምፅ «ጽጌ፣ እስቲ እጅሽን ልየው» አልኳት።

ተነሳች። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሦስት ጣት የቀረውን ግራ እጇን ራሷ ወደ ኋላ አዙራ፣ እንዲመቸኝ ከወገቧ ጋር አስጠጋችና ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሲስተር፣» አለችኝ፣ «ዛሬ አልለግምም።»